የቫኔ ፍሪጅ ሌሊት ሌሊት ይጠፋል፤ ባትሪ ልጨምር?

ሰላም ለሁላችሁ። ቫኔን ወደ ካምፐር የቀየርኩት ራሴ ነኝ፤ ስለዚህ ጥፋት ካለ የሠራተኛ ሰበብ የለኝም። ፍሪጁ 50 ሊትር የሚይዝ፣ በ12 ቮልት የሚሠራ፣ ኮምፕሬሰር ያለው፣ በሩ ወደ ፊት የሚከፈት ነው። ባትሪው ባለ 100 አምፔር ሰዓት የአሲድ ባትሪ፣ ኤጂኤም የሚባለው ዓይነት ነው። ጣሪያው ላይ 150 ዋት ሶላር አለ። ቀን ቀን ምንም ችግር የለም። ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ ሲሆን ግን ፍሪጁ ጭጭ ይላል። ከጀርባው ያለችው ትንሽ ቀይ መብራት አንዴ ብልጭ ትልና ታርፋለች፤ ቆይታ ደግሞ ብልጭ ትላለች። ጠዋት ወተቱን ለብ ብሎ አገኘዋለሁ። ባትሪውን ስለካው ደግሞ 12.2 ቮልት ያሳያል። ጥያቄዬ አጭር ነው፦ ሁለተኛ የአሲድ ባትሪ ልጨምር ወይስ ሁሉንም ጥዬ ሊትየም ልግዛ?

ጥያቄው ይኸው ነበር። ክሩ፣ ማለትም የመድረኩ ውይይት፣ ስለረዘመና አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉንም ማንበብ ስለሚሰለቸው፣ የተሰጡትን ምላሾች በየተራቸው በራሴ አባባል ከዚህ በታች አስቀምጬአቸዋለሁ። አጣምሜ ያቀረብኩት ካለ ባለቤቱ ያርመኝ።

ምላሽ 1፦ እንኳን ደህና መጣህ ብሎ የጀመረው ሰው ምክር ከመስጠቱ በፊት ሦስት ነገር ጠየቀ። ከባትሪው እስከ ፍሪጁ ሽቦው ስንት ሜትር ነው፣ ውፍረቱ ምን ያህል ነው፣ ፍሪጁስ አየር የሚያገኘው በየት በኩል ነው? እኔ የጠየቅሁት ስለ ባትሪ ስለነበር ሰውየው ጥያቄዬን አላነበበም ብዬ አልፌው ነበር። አሁን ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

ምላሽ 2፦ ይሄኛው ለጥያቄ ጊዜ የለውም። 200 አምፔር ሰዓት ሊትየም ገዝቼ እንድገላገል ነገረኝ። የአሲድ ባትሪ በየጊዜው ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ያጥራል፤ ስለዚህ 100 የተጻፈበት በተግባር 50 ነው፣ ሊትየሙ ግን ከ80 በመቶ በላይ ቢወጣበትም ግድ የለውም ብሎ አስረዳ። ይህን ማንም አልተከራከረውም። ጠቡ የመጣው በኋላ ነው።

ምላሽ 3፦ በጋዝ የሚሠራ ፍሪጅ እንዳስገባ የመከረችኝ እህት ናት። የሷ በጋዝም፣ በ12 ቮልትም፣ በቤት መብራትም የሚሠራ ሆኖ ዓመታት ድምፅ ሳያሰማ አገልግሏታል።

ምላሽ 4፦ ምላሽ 3ን በትሕትና አረማት። እንዲህ ያለውን ፍሪጅ በ1922 ስዊድን ውስጥ ባልትዛር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ የሚባሉ ሁለት የምህንድስና ተማሪዎች እንደፈለሰፉት፣ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ዝም እንደሚል፣ ግን የሚያቀዘቅዘው በሙቀት እየተነዳ መሆኑን አስረዳ። ሙቀቱ ከጋዝ ነበልባል ሲመጣ ግሩም ነው። ከባትሪ ሲመጣ ግን ምድጃ በባትሪ እንደማንደድ ነው፤ ወደ 10 አምፔር የሚጠጋ ያለ እረፍት ይጠጣል። መኪናው ዘንበል ብሎ ከቆመ ደግሞ በደንብ አያቀዘቅዝም። ምላሽ 3 አመስግና እሷ በ12 ቮልት የምታስነሳው እየነዳች ብቻ እንደሆነ ጻፈች። እዚህ ድረስ ሁሉም ጨዋ ነበር።

ምላሽ 5፦ የላይተር ሶኬት ላይ የሚሰካ፣ ኮምፕሬሰር የሌለው ማቀዝቀዣ ሳጥን ገዝቶ የተቃጠለ ሰው ገጠመኙን አወራ። እነዚህ ሳጥኖች ከ4 እስከ 5 አምፔር ሳያርፉ ይወስዳሉ፤ የሚያወርዱትም ከውጪው ሙቀት 20 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ውጪው 35 በሆነበት ቀን ውስጡ 15 ይሆናል። ሳጥኑን የሰካው የሞተሩ ማስነሻ ባትሪ ላይ ስለነበር፣ ጠዋት ላይ ውሃውም አልቀዘቀዘ፣ መኪናውም አልተነሳ።

ምላሽ 6 የኔ ነው። በመጨረሻ ሜትሬን ይዤ ወጣሁና ለካሁ። ከባትሪው እስከ ፍሪጁ 6 ሜትር፤ ሽቦው ከፋብሪካ የመጣው የላይተር ሶኬት ሽቦ፣ 1.5 ስኩዌር ሚሊሜትር። ፍሪጁ ሲሠራ 4.5 አምፔር ይስባል።

ምላሽ 7፦ ቁጣ እዚህ ገባ። ሰውየው የፍሪጁን መመሪያ ሳላነብ ባትሪ ልገዛ መነሳቴን እንደ ስድብ ነው የቆጠረው። ብልጭታዋ አንድ ከሆነች ነገሩ ቮልቴጅ ነው፤ ይህን ለማወቅ ክር መክፈት አያስፈልግም ብሎ ገሠጸኝ። ከዚያ ሒሳቡን አስቀመጠ፦ ኤሌክትሪክ ሄዶ ይመለሳል፣ ስለዚህ 6 ሜትር የተባለው 12 ሜትር ነው። የመዳብን የመቋቋም ልክ 0.0175 በ12 አባዝቶ ለ1.5 ሲያካፍለው 0.14 ኦም መጣ፤ በ4.5 አምፔር ሲባዛ መንገድ ላይ ከ0.6 ቮልት በላይ ይቀራል። ኮምፕሬሰሩ ሲነሳ ደግሞ ጥሙ ይብሳል። አነጋገሩ ባይጥመኝም ሒሳቡ ትክክል ነው።

ምላሽ 8፦ እኔ ነኝ፤ አኩርፌ የጻፍኩት። ጠዋት ባትሪው 12.2 እያሳየ፣ 0.6 ቢቀነስ እንኳ 11.6 አይደለም ወይ? ፍሪጁ ለዚህ ለምን ይጠፋል? ብዬ ሞገትኩ።

ምላሽ 9 ተሰርዟል። የባትሪ ማስታወቂያ ነበር።

ምላሽ 10፦ ጡረታ የወጡ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ናቸው። ልጄ ብለው ጀመሩ፤ ከክሩ ሁሉ የወደድኩት ይሄን ምላሽ ነው። ፍሪጁ ባረፈበት ሰዓት የሚለካ ቮልት የሐሰት ምስክር ነው አሉኝ፤ ማንም ሳይስብበት ሽቦው ላይ የሚጠፋ ነገር የለምና። ኮምፕሬሰሩ እየሠራ ሳለ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች መጀመሪያ ባትሪው ራስ ላይ፣ ቀጥሎ ፍሪጁ ጀርባ ሽቦው በሚገባበት ቦታ ላይ እንዳሳርፍና ሁለቱን ቁጥር ይዤ እንድመለስ አዘዙኝ።

ምላሽ 11፦ ሌሊት 8 ሰዓት ተኩል ላይ ባትሪ መብራት በጥርሴ ነክሼ፣ በሆዴ ተኝቼ ለካሁ። ባትሪው ላይ 12.1። ፍሪጁ ጀርባ ላይ 10.9። አንድ ቮልት ከሁለት አሥረኛ መንገድ ላይ ጠፍቷል፤ ሽቦው ብቻውን የሚበላው ግን 0.6 ነበር። የላይተር መሰኪያውን ስነቅለው ጫፉ ጣት ያቃጥላል። ቀሪው ቮልት እዚያ ሙቀት ሆኖ ተቀምጦ ነበር።

ምላሽ 12፦ በተለምዶ 12 ቮልት ፍሪጅ ውስጥ ያለውን ኮምፕሬሰር የምታውቅ ሴት ገባች። ብዙዎቹ ዳንፎስ ይሠራው የነበረውን፣ ድርጅቱ ክፍሉን በ2010 ከሸጠ በኋላ ሴኮፕ በሚል ስም የሚወጣውን ቢዲ 35 ወይም የሱን ቢጤ ይጠቀማሉ። መቆጣጠሪያው ከፋብሪካ ሲወጣ 10.4 ቮልት ላይ ይቆርጣል፣ 11.7 ሲያገኝ ይነሳል። ፍሪጁን የሚገጥመው ኩባንያ ግን በአንዲት ትንሽ ሬዚስተር ይህን ቁጥር ከፍ ማድረግ ይችላል፤ አንዳንዱም በስክሪኑ ላይ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ ብሎ ምርጫውን ለባለቤቱ ይተዋል። የብልጭታውንም ቋንቋ ተረጎመችልን፦ አንዴ ከሆነ ቮልቴጅ፣ ሁለቴ ፋኑ፣ ሦስት ጊዜ ሞተሩ መነሳት አቅቶት፣ አምስት ጊዜ የኤሌክትሮኒክሱ ክፍል ከመጠን በላይ ግሎ። የኔ ስክሪን ከፍተኛ ላይ ነበር፤ እሱም 11.1 ላይ ይቆርጣል። ከፍተኛ ያልኩት ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከፍተኛ ሲባል የተሻለ መስሎኝ ነው። ይህ ምርጫ የተሠራው ፍሪጁን ከሞተር ማስነሻ ባትሪ ላይ ለሚያሠራ፣ መኪናው እንዳይቆምበት ለሚፈራ ሰው ነበር።

ስለዚህ ሥዕሉ ግልጽ ሆነ። ቀን ቀን ሶላሩ ቮልቱን ከ13 በላይ ስለሚያነሳው ኪሳራው አይታይም። ሌሊት ባትሪው ገና ግማሽ እያለው ፍሪጁ ጋ የሚደርሰው 10.9 ይሆናል፤ ይቆርጣል። ሲቆርጥ መሳቡ ይቀራል፣ ቮልቱ ወደ 12.2 ይመለሳል፣ እንደገና ሊነሳ ይሞክራል፣ እንደገና ይወድቃል። ጠዋት የማየው 12.2 ከዚህ የመጣ ነው።

ምላሽ 13፦ ምላሽ 2 ተመልሶ መጣ፣ ክብሩን ሊያስመልስ። ሊትየም ገዝቼ ቢሆን ሌሊቱን ሙሉ ከ13 ቮልት ብዙም ስለማይርቅ ፍሪጁ አይጠፋም ነበር፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ልክ ነበርኩ አለ። እውነቱን ለመናገር ልክ ነው። ምላሽ 7 ግን አልማረውም፤ የሚያፈስ ባልዲ ይዞ ትልቅ ጉድጓድ መቆፈር ነው አለና፣ የሚግለውን ሶኬት ከነግለቱ መተው እሳት መጋበዝ መሆኑን ጨመረ። ሁለቱ ለአራት ሰዓት ያህል በግል ሲነካከሱ አወያዩ አስቆማቸው።

ምላሽ 14፦ የምላሽ 10 አባታችን፣ ጡረተኛው ኤሌክትሪሺያን፣ እንደገና። የላይተር ሶኬቱን ርሳው፤ ከባትሪው ቀጥታ 6 ስኩዌር ሚሊሜትር ሽቦ አምጣ፣ ጥቁሩንም ከመኪናው ቆርቆሮ ጋር ሳይሆን ከባትሪው ጋር መልሰህ እሰር አሉኝ። የኔ ጥቁር ሽቦ የታሰረው ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ላይ በአንዲት ቡለን ነበር። እንዴት እንዳወቁ አላውቅም።

ምላሽ 15፦ እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ ምስጋና ልጽፍ ስል አንድ ሰው በቀን ስንት አምፔር ሰዓት እንደሚበላ ጠየቀኝ። ሹንት የሚባለውን ቆጣሪ ገጥሜ ስለነበር 62 ብዬ መለስኩ። ለ50 ሊትር ፍሪጅ፣ በ32 ዲግሪ ሙቀትም ቢሆን፣ በዝቷል አለ። ኮምፕሬሰሩ እየሠራ ሳለ መዳፌን የፍሪጁ ጎን ላይ እንዳደርግ ነገረኝ።

ምላሽ 16፦ አሳፋሪው ክፍል። መዳፌን ላደርግ ስል ጎኑን አላገኘሁትም፤ ኃይል ይቆጥባል ብዬ በ3 ሴንቲሜትር ፎም ዙሪያውን ለብጬዋለሁ። ጫፉን በቢላ ገልጬ ስነካው ጎኑ ይሞቃል። ፍሪጁ ሙቀቱን የሚተፋበት ቧንቧ ከጀርባ ሳይሆን በጎኑ ቆርቆሮ ሥር ተለጥፎ ነበር። እንግዲህ ከውስጥ ያወጣውን ሙቀት እኔ ብርድ ልብስ አልብሼ መልሼ አስገባለታለሁ። ፎሙን ስልጥ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ ሙጫው እስካሁን ክርኔ ላይ አለ። በምላሽ 15 ምክር ከካቢኔው በታች አየር ማስገቢያ፣ ከላይ በስተጀርባ ማስወጫ ቀደድኩ። ሙቅ አየር ራሱ ወደ ላይ ስለሚሄድ ከታች ቀዝቃዛውን ይስባል። ቧንቧ የሌለበትን ጎን፣ ማለትም የበሩን ፊትና ወለሉን፣ በፎም መለበጥ ግን ይጠቅማል፤ መጀመሪያ በእጅ ዳስሶ ነው። ፍሪጁን ራሱን መብሳት አይታሰብም፤ ውስጡ ያለው ጋዝ በአዲሶቹ ላይ ብዙ ጊዜ የሚቀጣጠለው አይሶቡቴን ነው።

ከምላሽ 17 እስከ 22 ያለው ስለ በር ነው፤ ከክሩ ረጅሙና ጯሂው። 17 በሩ ወደ ፊት የሚከፈት ፍሪጅ በተከፈተ ቁጥር ቀዝቃዛው አየር እንደ ውሃ እግር ላይ ይፈስሳል፣ ክዳኑ ከላይ የሆነ ሣጥን ግዛ አለ። 18 የሣጥን ፍሪጅ ባለቤት ናት፤ ከሥር ያለውን ለማውጣት ግማሹን ዕቃ ደጅ ላይ መደርደሯ፣ ክዳኑም ለአምስት ደቂቃ ተከፍቶ መቆየቱ ለምን እንደማይቆጠር ጠየቀች። 19 ስሜት ትተን እንቁጠር ብሎ ገባ፦ 50 ሊትር አየር 60 ግራም ነው የሚመዝነው፤ ሁሉም ወጥቶ በ25 ዲግሪ የሚሞቅ አየር ቢተካ እንኳ የሚገባው ሙቀት ግማሽ ዋት ሰዓት አይሞላም። በአንጻሩ 6 ሊትር ውሃ ከ30 ዲግሪ ወደ 5 ለማውረድ ወደ 175 ዋት ሰዓት ሙቀት መውጣት አለበት። ለብ ያለ ጠርሙስ እየከተቱ ስለ በር መጨቃጨቅ ቀልድ ነው ሲል ደመደመ።

20 ደግሞ እሱን አረመው፤ እርግጥ በቁጣ። አየሩ እርጥበት እንዳለው ረስቷል። 50 ሊትር ሞቃትና እርጥብ አየር ውስጥ አንድ ግራም ያህል ውሃ አለ፤ እሱ ጤዛ ሲሆን የሚለቀው ሙቀት፣ 2.5 ኪሎ ጁል ገደማ፣ ከደረቁ አየር ይበልጣል። ያ ጤዛ በረዶ ሆኖ ማቀዝቀዣው ሳህን ላይ ይጋገራል፤ በረዶው ደግሞ ራሱ ፎም ነው። 19 ቁጥሩን ተቀበለ፤ ግን ሁለቱ ተደምረው በአንድ አከፋፈት ከአንድ ዋት ሰዓት ብዙም አያልፉም አለ። 21 ወረቀት በሩ ላይ ዘግቶ መሳብን አስተማረን፤ ወረቀቱ ሳይጨነቅ ሾልኮ ከወጣ የበሩ ጎማ አልቋል፣ የሚያፈሰውም ሌት ተቀን ነው። 22 ሁላችሁም ሥራ የላችሁም ብሎ ሄደ።

የኔ ግምት? በሩን የምከፍተው ብዙ ጊዜ ስለሆነ የ20 ነገር ይነካኛል፤ የ19 ግን ልማዴን ቀየረው። አሁን ጠርሙስ የማስገባው ፀሐይ ባለበት ሰዓት፣ ሌሊት ውጪ አድሮ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

ምላሽ 23፦ ከዚሁ ተነስቶ ፍሪጁን ራሱን ባትሪ ስለማድረግ ጻፈ። አንድ ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ 93 ዋት ሰዓት ሙቀት ይውጣል። ሶላሩ ሞልቶ በሚባክንበት ከሰዓት በኋላ ሁለት ሦስት ጠርሙስ ውሃ በረዶ ክፍሉ ውስጥ ማጋገር፣ ማታ ወደ ታች ማውረድ። በረዶ ክፍል የሌለው ቀን መቆጣጠሪያውን ወደ 2 ዲግሪ ያውርድ፣ ማታ ወደ 5 ይመልሰው። ከ5 በላይ ግን አይውጣ፤ ሥጋና ወተት ያለበት ነው።

ምላሽ 24 እና 25፦ ፍሪጁ ጥላ ይፈልጋል፣ ሶላሩ ፀሐይ። 24 መኪናውን ጥላ ሥር አቁማ ተንቀሳቃሽ ፓኔል ሜዳ ላይ ትዘረጋለች። 25 የዚያ ገመድ ርዝመት ከላይ የተባለውን የሽቦ ኪሳራ መልሶ እንደሚያመጣ፣ የሶላሩን ቻርጅ መቆጣጠሪያ ባትሪው አጠገብ ማድረግ እንደሚሻል አስታወሳት።

ምላሽ 26፦ የቤት ፍሪጅ በኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት በሚቀይረው መሣሪያ) ለሚል ሰው፦ ኢንቨርተሩ ምንም ሳይሠራ እንኳ 12 ዋት ቢወስድ በቀን 288 ዋት ሰዓት ነው። የኔ ፍሪጅ ቁጠባ ሁሉ እዚያ ይሄዳል።

ምላሽ 27፦ ሊትየም ከ0 ዲግሪ በታች ቻርጅ መደረግ የለበትም። አጭርና ጠቃሚ።

ከ28 እስከ 31፦ ክሩ ወደ ድምፅ ዞረ። ኮምፕሬሰሩ ትራሷ አጠገብ የሚያንጎራጉርባት፣ በእንቅልፍ ልቡ ተነስቶ ፍሪጁን በእርግጫ የሚመታ፣ ከዚያ ደግሞ አንዱ ውሻው የፍሪጁን ሙቅ አየር ማውጫ መኝታው እንዳደረገው አወራ። ፎቶም ለጠፈ። ምላሽ 15 ውሻው አየሩን እንደዘጋው በቁም ነገር ጻፈ።

ምላሽ 32፦ የኔ ሪፖርት። በ6 ስኩዌር ሚሊሜትር ሽቦ፣ ያለ ላይተር ሶኬት፣ የሚጠፋው ቮልት 0.2 ሆነ። ፍሪጁ የሚቆርጥበትን የቮልት ምርጫ መካከለኛ ላይ አደረግሁ። ያው ሙቀት፣ ያው ዕቃ፣ ፎሙ ሲወልቅና አየር ሲገባ ከ62 ወደ 38 አምፔር ሰዓት ወረደ። ሦስት ሌሊት ሳይጠፋ አደረ። ባትሪ አልገዛሁም።

ምላሽ 33፦ ምላሽ 7 እንኳን ደስ አለህ ሳይል አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፦ ፊውዙ የት ነው?

15 አምፔር ፊውዝ አድርጌአለሁ ብዬ ልመልስ ጣቴ ፊደሉ ላይ እያለ ቆም አልኩ። ያደረግሁት ፍሪጁ አጠገብ ነበር። ወለሉ ሥር፣ በብረቱ ጠርዝ ላይ የሚያልፈው ስድስት ሜትር ቀይ ሽቦ ልጡ ቢላጥ በባትሪውና በእሳት መካከል ምንም የለም። ካቻቢቴና ናስትሮ ይዤ ወጣሁ፤ ፊውዙን ከባትሪው ራስ አንድ ስንዝር ላይ እስካዛውር ፍሪጁ ለሃያ ደቂቃ ጠፋ፤ ከ4 ዲግሪ ወደ 5 ወጣ። እጄን ታጥቤ ተመልሼ ምላሽ 34 የጻፍኩት አንድ መስመር ነው፤ ባትሪው ጋ መሆኑን።

ምላሽ 35፦ ውሻው አሁን ወደ ማስገቢያው ቀዳዳ ተዛውሯል።